በጥላ ላይ የሣልሁት ዜብራ

መንገድ የሚሠሩት ብርቱካናማ ሰደርያ የለበሱና ትልልቅ መኪና የሚነዱ ሰዎች ብቻ ይመስሉኝ ነበር። እናንተም እንደዚያ ካሰባችሁ አልፈርድባችሁም። እኔ ግን ሶፋ ላይ ተጋድሜ፣ አንድ እግሬን ትራስ ላይ ሰቅዬ፣ አራት መኪና ጎን ለጎን በሚያሳልፍ መንገድ ላይ የእግረኛ ማቋረጫ በአንድ ጣቴ ሠርቻለሁ። ከዚያም በዚያው ማቋረጫ አማቴን ላስጨርሳቸው ለጥቂት ቀረኝ። ሌላ ሰው አጣሞ ከሚነግራችሁ ከኔው አፍ ብትሰሙት ይሻላል።

የምንኖረው እስራኤል አገር፣ ናታንያ ከተማ፣ ዶራ የሚባል ሰፈር ነው፤ ሦስተኛ ፎቅ። የምሠራው ደግሞ ዐጋሚም፣ እነዚያ አዳዲስ ረጃጅም ሕንፃዎች ከተደረደሩበት ሰፈር፣ አንድ ሱፐርማርኬት መጋዘን ውስጥ። አንድ ጠዋት ፔላፎኔን፣ የእጅ ስልኬን ማለቴ ነው፣ ወደ አውቶቡስ ፌርማታው በእግር ምራኝ ብለው ዐሥራ አራት ደቂቃ ነው አለኝ። ፌርማታው ከመስኮቴ ይታየኛል። እዚያ የሚጠብቀውን ሰው የጫማ ቀለም ሳይቀር ለይቼ ልነግራችሁ እችላለሁ። ፔላፎኑ ግን ሕንፃዎቹን በሙሉ ዙር፣ ትምህርት ቤቱን እለፍ፣ ከዚያ ተመለስ ይለኛል። በሕንፃዎቹ መካከል ያለችውን፣ የሰፈሩ ድመት ሁሉ የሚያውቃትን መተላለፊያ እሱ አያውቃትም።

መጋዘን ደርሼ ለኢጎር አማረርሁ። ኢጎር የሥራ ባልደረባዬ ነው፤ ቃል የሚያወጣው እየቆጠረ ነው።

"ካርታውን የሚሥለው ሰው ነው" አለኝ። "አንተም ሰው ነህ። ሣል።"

እውነቱን ነበር። ያ ካርታ እንደ ደቦ ነው። ከየትም ያለ ሰው ይመዘገብና የሚያውቀውን ይጨምርበታል፤ አንዱ ደረጃ፣ አንዱ አግዳሚ ወንበር፣ አንዱ ዜብራ። እግረኛውን "ወደ ቀኝ፣ ወደ ግራ" እያሉ የሚመሩት የፔላፎን መተግበሪያዎች ደግሞ ደቦው ካወጣው ካርታ ይቀዳሉ። እኔም ስሜን "የዶራው መንገደኛ" ብዬ ተመዘገብሁና ደቦውን ገባሁበት።

መጀመሪያ ላይ ሐቀኛ ነበርሁ። ይህን መዝግቡልኝ። ያልረገጥሁትን አልሥልም ነበር። ከሥራ ስመለስ በየሕንፃው ጓሮ እዞራለሁ፤ በቆሻሻ ገንዳዎች ጀርባ አልፋለሁ፤ በምሰሶ ላይ በቆሙት ሕንፃዎች ሥር ሾልኬ እወጣለሁ። ፔላፎን ላይ አቀርቅሮ በሰው ጓሮ የሚዞር ሰው መቼም የሚመስለው ሌባ ነው። አንድ ሽማግሌ ከበረንዳው ሆኖ "ምን ጠፋህ?" ቢለኝ "መንገድ" አልሁት፤ አዘነልኝ። ባለቤቴ አስቴርም "የሌላው ሰው ባል ከሥራ ሲወጣ ቤቱ ይገባል፤ የኔው ሰፈር ይለካል" ትል ነበር። ፔላፎኔ ውስጥ መንገድ የምትናገረው ሴትዮ ለመጀመሪያ ጊዜ እኔ በሣልኋት መተላለፊያ ስትመራኝ ግን የትም የምሄድበት ሳይኖረኝ ሁለት ጊዜ ተመላለስሁባት።

አሁን አማቴን ላስተዋውቃችሁ። አባ ተገኘ ይባላሉ፤ የአስቴር አባት ናቸው፤ የሚኖሩትም ከኛው ጋር ነው። ሰማንያን አልፈዋል። ከጎንደር ገጠር ተነሥተው አንድ ልጅ አዝለው፣ አንዱን እየጎተቱ፣ ሱዳን ድረስ በእግራቸው የሄዱ ሰው ናቸው። ስለዚህ እሳቸው ፊት ስለ መንገድ አፍ መክፈት ድፍረት ይጠይቃል። በኤሌክትሪክ የሚሠራ ነገር አያምኑም። ሊፍት ውስጥ ገብተው አያውቁም፤ ሦስቱን ፎቅ በዱላቸው እየተመረኮዙ ነው የሚወጡት። እኔና አስቴር ከተጋባን ዐሥራ ስምንት ዓመታችን ነው፤ በዚህ ሁሉ ጊዜ ከሳቸው አፍ ስለኔ የሰማሁት ትልቁ ምስጋና "ደኅና ነው፤ አይሰክርም" የሚል ነበር።

አንድ ቀን ካርታውን አሳየኋቸው። መነጽራቸውን አድርገው ብዙ አዩት።

"ይችን አንተ ነህ ያወጣሃት?" አሉኝ፣ ጣታቸውን አንዲት ነጠብጣብ መሥመር ላይ አድርገው።

"አዎ፣ አባ።"

"ሰው ይሄድባታል?"

"ይሄድባታል።"

መነጽራቸውን አወለቁ። ከዚያ ቀን ወዲህ ግን በጸሎት ቤቱ ደጅ ላገኙት ሁሉ "አማቼ መንገድ ያወጣል" ማለት ጀመሩ። ካርታ ላይ ያለ መሥመርና መሬት ላይ ያለ አስፋልት ለሳቸው አንድ ነው። እኔም አላረምኋቸው። ዐሥራ ስምንት ዓመት የጠበቅሁት ክብር በሩን አንኳኩቶ ሲመጣ "ቤት ተሳስተሃል" ማለት አልሆነልኝም። ቀጥለው ካርታውን በፔላፎናቸው ላይ እንድጭንላቸው ጠየቁኝ፤ ጫንሁላቸው። በዕብራይስጥ ነው የምትናገረው ብላቸው፣ "ያሚና ቀኝ፣ ስሞላ ግራ፣ ያሻር ቀጥታ። ለመንገድ ከዚህ በላይ ቋንቋ ምን ያደርጋል?" አሉኝ።

ከዚያ ጕልበቴ ተጎዳ። መጋዘን ውስጥ ከመሰላል ወደቅሁና ሁለት ሳምንት ሶፋ ላይ ዋልሁ። ኃጢአት የመጣው በዚያ ነው። መራመድ ሲከለከል ሰው መተው ይችል ነበር፤ እኔ ግን ከሰማይ የተነሣ ፎቶ እያየሁ መሣል እንደሚቻል ደረስሁበት። ሰፈሩን እንደ አሞራ ከላይ አየዋለሁ፤ ጣቴን እዘረጋለሁ፤ መንገድ ይወጣል። በአንድ ቀን የሣልሁት በእግሬ በአንድ ወር ከሣልሁት በለጠ።

በዶራ ጫፍ አንድ ሰፊ መንገድ አለ። ሁለት መኪና በዚህ፣ ሁለት በዚያ፤ መሀሉ ላይ ጠባብ የአትክልት መደብ። ከመንገዱ ማዶ ሰፈሩ ሁሉ የሚታከምበት ኩፓት ሆሊም ነው። ለመሻገር ራምዞሩ፣ የትራፊክ መብራቱ ማለቴ ነው፣ እስካለበት ድረስ ብዙ መሄድ ያስፈልጋል። እኔም ፎቶውን ሳገላብጥ በኩፓት ሆሊሙ ትክክል አስፋልቱ ላይ ጥቁርና ነጭ፣ ጥቁርና ነጭ ሆኖ የተዘረጋ ነገር አየሁ። ዜብራ። በዚህ ስንት ዓመት አልፌ እንዴት ሳላየው ቀረሁ ብዬ ራሴን ጠየቅሁ፤ ራሴም "አንተ በአውቶቡስ እየተኛህ ነው የምታልፈው" ብሎ መለሰልኝ። ሣልሁት። ካርታው "በምን ዐወቅህ?" ብሎ ይጠይቃል፤ "ሰፈሬ ነው" ብዬ ጻፍሁ።

ወደ ሥራ በተመለስሁ በሦስተኛው ቀን፣ ለዕረፍት የቲማቲም ድልህ ካርቶን ላይ ተቀምጬ፣ ፔላፎኔ ጮኸ። የማላውቀው ሰው ነው፤ እንደኔው ካርታ የሚሥል። በጨዋ ዕብራይስጥ እንዲህ ይላል፤ "ሰላም መንገደኛ። ስለ ሥራህ እናመሰግናለን። ዛሬ ጠዋት በዚያ በኩል አለፍሁ፤ አንተ በሣልህበት ቦታ ማቋረጫ የለም። የእግረኛው መንገድ አጥር ጥላ ይመስለኛል። ብታጠፋው?" ፎቶም አያይዟል። አጎላሁት። አስፋልቱ ጥቁር ነው። ንጹሕ ጥቁር። ከዳሩ የብረት አጥር አለ፤ የጠዋቷ ፀሐይ ቋሚ ብረቶቹን አንድ ባንድ መንገዱ ላይ አጋድማቸዋለች።

ሰው ስሕተቱን ሲነግሩት ቶሎ ቢያርም እንዴት ጥሩ ነበር። እኔ መልስ መጻፍ ጀመርሁ። "ምናልባት ቀለሙ ለቆ ይሆናል" ብዬ ጻፍሁና አጠፋሁ። "አንተ በዚህ ሰፈር ስንት ዓመት ኖረሃል?" ብዬ ጻፍሁና አጠፋሁ። ሦስተኛውን እያሰብሁ ሳለ አስቴር ደወለች።

"አትደንግጥ" አለች። እኔ ደግሞ አትደንግጥ ሲሉኝ የምደነግጥ ሰው ነኝ።

አስቴር የምትሠራው ጋን ውስጥ ነው፤ ሕፃናት የሚውሉበት። ያን ቀን አባ ተገኘን ወደ ዓይን ሐኪም ልትወስዳቸው ቶር ነበራቸው፤ ቀጠሮ ማለት ነው። ነገር ግን ሕፃናቱን ትውከት ይዟቸው መውጣት አልቻለችም።

"አባስ?" አልኋት።

"ብቻቸውን ወጡ። ቆዩ ብላቸው 'ቶሬን አላሳልፍም፤ አማቼ ያወጣት መንገድ በኪሴ ናት' አሉኝ። ስለዚህ ብዙ አልሰጋሁም። እንድታውቀው ብዬ ነው።"

"መቼ ወጡ?"

"ሩብ ሰዓት ይሆናቸዋል። ድምፅህ ምን ሆነ?"

"ምንም" አልሁና ዘጋሁት። ከቤታችን እስከ ሰፊው መንገድ በሳቸው እርምጃ ሃያ ደቂቃ ነው። ደወልሁላቸው። ተዘጋ። ደግሜ ደወልሁ። ተዘጋ። ሦስተኛውንም ዘጉት። ስማቸው ተገኘ ነው፤ በዚያች ሰዓት ግን ከሳቸው የባሰ የማይገኝ ሰው በናታንያ አልነበረም።

"ኢጎር፣ ብስክሌትህን" አልሁት።

ፊቴን አየና ምንም ሳይጠይቅ ቁልፉን ወረወረልኝ። የኤሌክትሪክ ብስክሌት ነው፤ ክብደቱ የጥጃ ያህላል። ሰደርያዬን እንደለበስሁ ከዐጋሚም ወደ ዶራ ከነፍሁ። በየትኛው መንገድ ነው የምሄደው? ራሴ በሣልሁት ነዋ። በጭንቅላቴ ውስጥ መሥመሮቹን ሁሉ አያቸዋለሁ፤ በሁለቱ ሕንፃዎች መካከል አቋርጬ፣ በቁልቁለቱ ወርጄ፣ ከዚያ ሰፊው መንገድ።

በሁለቱ ሕንፃዎች መካከል የብረት በር ገጠመኝ። አዲስ ነው፤ ቀለሙ ገና ይሸታል። ተቆልፏል። በምድር ቤቱ መስኮት አንዲት ሴትዮ በክርናቸው ተደግፈው ይመለከታሉ።

"ይህ በር መቼ ተሠራ?" አልኋቸው።

"ባለፈው ሳምንት። ስንት ዓመት በሰላም ስንኖር ከወር ወዲህ አገሩ ሁሉ ፔላፎኑን እያየ በመኝታ ቤቴ መስኮት ሥር ማለፍ ጀመረ። አንድ ሰው ካርታ ላይ አስገብቶናል ይላሉ። ያን ሰው ባገኘው ደስታውን አልችለውም።"

"እኔም" አልሁ።

"አንተስ ወዴት ነህ?"

"አማቴ፣ ሽማግሌ ናቸው፣ ብቻቸውን ሰፊውን መንገድ ሊሻገሩ ነው።"

 ሴትዮዋ መስኮቱን ትተው በነጠላ ጫማቸው እየሮጡ ወጡና ቁጥሩን ተጭነው በሩን ከፈቱልኝ። "ሂድ፣ ሂድ" አሉኝ። ስማቸውን እንኳ አልጠየቅሁም። ሰውየው እኔ ነኝ ለማለት ግን አፌ አልታዘዘኝም።

ቀጥሎ ቁልቁለቱ። ቁልቁለት ብዬ የሣልሁት ነገር ደረጃ ነው። ከሰማይ ሲያዩት ደረጃና ሜዳ አንድ ናቸው፤ ይህን እንግዲህ ብስክሌት ላይ ተቀምጬ ተማርሁት። ፍሬኑን ጨምድጄ ከመጀመሪያው ደረጃ አፋፍ ላይ ቆምሁ። ተሸክሜው ልወርድ ሞከርሁ። እስከ አራተኛው ደረጃ ድረስ እኔ ተሸከምሁት፤ ከዚያ በኋላ ማን ማንን እንደተሸከመ አላውቅም። ታች ስንደርስ እሱ ከላይ ነበር፤ የታመመችውም ጕልበቴ ከሥር። ተነሣሁ። ብስክሌቱን እዚያው ተውሁትና እያነከስሁ ሮጥሁ።

ሰፊው መንገድ ዳር ስደርስ አየኋቸው።

መሀሉ ላይ ናቸው። ግማሹን ተሻግረዋል፤ እንዴት እንደተሻገሩ እሳቸውና ፈጣሪ ያውቃሉ። ጠባቧ የአትክልት መደብ ላይ፣ ጀርባቸውን ለኔ ሰጥተው፣ ባርኔጣቸውን ደፍተው ቆመዋል። ግራ እጃቸው ፔላፎኑን፣ ቀኝ እጃቸው ዱላውን ይዟል። በፊታቸውም በኋላቸውም መኪና ይፈስሳል።

"አባ" ብዬ ተጣራሁ። አይሰሙም። ደግሜ ጮህሁ። አውቶቡስ በመካከላችን አለፈና ድምፄን ይዞት ሄደ። አውቶቡሱ ሲያልፍ ዱላቸው ከፍ ብሎ አየሁት። እንግዲህ አባ ተገኘ ዱላቸውን ከፍ ሲያደርጉ መንገዱ የሳቸው ነው ማለት ነው። አንድ እግራቸውን ከመደቡ አወረዱ።

እኔም ገባሁ። ግራ ቀኝ ማየቴን አላስታውስም፤ አንዲት መኪና ጥሩንባዋን እየነፋች ከጀርባዬ ስትጮህ ብቻ ትዝ ይለኛል። መደቡ ላይ ዘልዬ የካፖርታቸውን ወገብ ስይዝ ከፊታቸው አንድ ጭነት መኪና ጎማው እያፏጨ ነበር። ሳብሁ። ከምፈልገው በላይ ሳብሁ መሰለኝ፤ ሁለታችንም ወደ ኋላ ተያይዘን ወደቅን። በዚህ አገር በየመንገዱ መሀል የሚተክሉት የጥብስ ቅጠል ነው። ከነባርኔጣው ከነዱላው የጥብስ ቅጠሉ ውስጥ ተነከርን። ሥጋና ሽንኩርት ብቻ ነበር የቀረን።

ጭነት መኪናው ትንሽ ወረድ ብሎ ቆመና ሾፌሩ በመስኮቱ አየን። ሁለት ሰው ተቀምጦ ሲያይ ጭንቅላቱን ነቅንቆ ሄደ። እኔ እጄ ካፖርታቸውን አልለቅ ብሏል።  ፔላፎኗ ከቅጠሉ መሀል ሆና "ያሻር፣ ያሻር" ትላለች።

"ምን ሆነህ ነው?" አሉኝ አባ ተገኘ፣ ባርኔጣቸውን እያቃኑ። "ሰው ዜብራ ላይ እየሄደ ይጎተታል?"

"እርስዎ ምን ሆነው ነው አባ? ሦስት ጊዜ ደወልሁ፤ ለምን አያነሡም?"

"ይች ሴትዮ መንገድ እየነገረችኝ አንተ መሀል ትገባለህ። ነውር አይደለም?"

"አባ፣ እዚህ ዜብራ የለም።"

"አለ። እሷ ትላለች።"

"እሷ የምትለው እኔ የሣልሁትን ነው።"

"ይኸው፤ አንተው አውጥተሃታል። ጥፋቱ የመኪኖቹ ነው፤ እኔ ስንቱን በዱላ አስቆምሁ።"

እዚህ ላይ ዝም ብል ማንም አያውቅብኝም ነበር። አስቴር አታውቅም፤ ጸሎት ቤት አይሰማም፤ ክብሬም እንደነበረ ይቆይ ነበር። አንድ አፍታ፣ አልዋሻችሁም፣ ዝም ልል ዳድቶኝ ነበር። ግን እሳቸው ዱላቸውን ከቅጠሉ መሀል አወጡና እንደገና ለመሻገር ያስተካክሉት ጀመር። ያንን ሳይ አልቻልሁም።

"ሳላየው ነው የሣልሁት አባ" አልሁ። "ሶፋ ላይ ተኝቼ፣ ከሰማይ በተነሣ ፎቶ። ዜብራ የመሰለኝ የዚያ አጥር ጥላ ነው።"

ዞር ብለው አጥሩን አዩ። ከዚያ አስፋልቱን አዩ። ፀሐይዋ ከፍ ብላለች፤ ጥላው አጥሩ ሥር ተሰብስቦ አንድ ክንድ አይሞላም።

"የአጥር ጥላ ላይ ነዋ ያቆምኸኝ" አሉ። አልተቆጡም። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

"አዎ።"

 መኪናው አላቆመም።

"እንመለስ አባ" አልሁ በመጨረሻ።

"በኋላችን ስንት መኪና ነው ጎን ለጎን የሚሄደው?"

"ሁለት።"

"በፊታችንስ?"

"ሁለት።"

"ሐኪሙ በየት በኩል ነው?"

 ተነሥተን ቆምን። እጃቸውን ያዝሁ፤ በዐሥራ ስምንት ዓመት እጃቸውን ስይዝ የመጀመሪያዬ ነው። ያንን ያህል ቀላል መሆኑን አላውቅም ነበር። ቆምን፤ ቆምን። አንዲት የአውቶቡስ ሾፌር ከሩቅ አይታን ኖሮ ፍጥነቷን ቀነሰች፤ ከዚያ ያን ግዙፍ አውቶቡስ ሁለቱንም መሥመር አግድማ አቆመችውና በእጇ እለፉ አለችን። ከኋላዋ ያለው ሁሉ ጥሩንባውን ይነፋል። እሷ ማስቲካዋን ታኝካለች። አባ ተገኘ ባርኔጣቸውን አነሡላትና በዝግታ፣ እንደ ሰርግ ቤት ሽማግሌ፣ ተሻገሩ።

ኩፓት ሆሊሙ ውስጥ ያለችው ጸሐፊ "ቶራችሁ አልፏል" አለች። ከዚያ ጆሯችን ላይ የተሰካውን የጥብስ ቅጠል አየችና አስገባችን። ሐኪሙ የአባ ተገኘ ዓይን በዕድሜያቸው ከሚጠበቀው በላይ ደኅና ነው አለ። የኔን ማንም አልመረመረም። እሳቸው ውስጥ ሳሉ እኔ ኮሪደሩ ላይ ተቀምጬ ዜብራውን አጠፋሁ፤ ደረጃውን ደረጃ፣ በሩን በር ብዬ አረምሁ። ለዚያ ለማላውቀው ሰውም "አላየሁትም ነበር፤ ይቅርታ" ብዬ ጻፍሁለት። ወዲያው መለሰልኝ። "አይዞህ። እኔም አንድ ጊዜ የሰው የልብስ ማስጫ ገመድ ድልድይ ነው ብዬ ሥያለሁ።"

ማታ ራት ላይ አባ ተገኘ ለአስቴር "ባልሽ ከመኪና አፍ አወጣኝ" ብቻ አሏት። አስቴር በዓይኗ ስትስመኝ አመሸች። ጉርሻዬን መልሼ አስቀመጥሁና ነገሩን ከሥሩ ጀምሬ ነገርኋት። ስጨርስ ሳህኔን ከፊቴ አነሣች፤ ገና አልጠገብሁም ነበር።

ነገሩ በዚህ ያበቃ መስሎኝ ነበር። በማግሥቱ አባ ተገኘ ጫማቸውን አድርገው በር ላይ ቆመው አገኘኋቸው።

"የጥብስ ቅጠሉን መሀሉን አይተኸዋል?" አሉኝ።

"ምኑን?"

"ተረግጧል። ሰው ሄዶበት መሬቱ ጠንክሯል። የሰፈራችን ሰው ራምዞሩ ሩቅ ነው እያለ በዚያው ነው የሚሻገረው፤ የቦርሳ ጋሪ የሚጎትቱ ሴቶች ሳይቀሩ። ስለዚህ ዜብራው ይገባል። አንተ የተሳሳትኸው ቅደም ተከተሉን ነው። መጀመሪያ መሬት ላይ፣ ቀጥሎ ወረቀት ላይ።"

መሀል ከተማ፣ አደባባዩ አጠገብ፣ ስለ መንገድ ማመልከቻ የሚቀበል፣ ስሙን የማልጠራው አንድ ቢሮ ገባን። ተራ ጠብቀን አንዲት ልጅ ፊት ቀረብን። የኛው ወገን፣ የሐበሻ ልጅ ናት፤ ግን ከመጀመሪያው ቃል ጀምሮ በዕብራይስጥ ብቻ ስለተናገረችን፣ እዚህ የተወለዱት ብዙዎቹ አማርኛ አይገባቸውም ብዬ እኔም በዕብራይስጥ አስረዳኋት። እዚያ ቦታ የእግረኛ ማቋረጫ ያስፈልጋል፣ ሰው ሊሞት ነው አልኋት። ቦታውን በኮምፒውተሯ ፈለገች። አጎላችው። ከዚያ ስክሪኑን ወደኛ አዞረችው።

"ግን እኮ እዚህ ማቋረጫ አለ" አለች። "ይኸው።"

አየሁት። የኔ ነው። እኔ ባጠፋውም እሷ ዘንድ ያለው ቅጂ ገና አልታደሰም። ቀጥ ብሎ፣ ተውቦ፣ ከዳር እስከ ዳር ተሥሏል።  እሱን የሣለው ሰው ሞኝ ነው ልላት አሰብሁ፤ በዕብራይስጥ ሞኝ ለማለት ብዙ ቃል አለ፤ አንዱንም መምረጥ አቃተኝ።

"ምን አለች?" አሉኝ አባ ተገኘ።

"አለ ትላለች።"

"ምኑ?"

"ዜብራው።"

ስክሪኑን አዩት። ዱላቸውን ተመርኩዘው ከወንበራቸው ተነሡ።

"በላት" አሉ። "ልጄ ሆይ፣ ካለማ ተነሺ። ሩቅ አይደለም። ሄደን አብረን እንሻገራት።"

ይህን እንዴት አድርጌ በጨዋ ዕብራይስጥ እንደምመልሰው እያሰብሁ አፌን ከፈትሁ። ልጅቱ ግን ዓይኗ አባ ተገኘ ላይ ነበር። ዱላቸውን አየች፤ ጉንጫቸው ላይ የቀረውን የቅጠል ጭረት አየች።

"እኔ እፈራለሁ፣ አባ" አለች በአማርኛ። ከመሳቢያዋም የማመልከቻ ቅጽ አወጣችና ብዕሯን አነሣች።